ባዶውን የማይመለስ መኪና

መኪና ለመቀየር ሦስት ዓመት ያሰበ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን እዩኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ቤት ይገዛል። ሲያትል አጠገብ ሾርላይን ውስጥ እኛ ሰፈር ይህን ሁሉ በዚያው ጊዜ ጨርሶ፣ ተፋቶ፣ ሁለተኛውን ዙር የጀመረ ጎረቤት አለኝ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሠራሁት ነገር ቢኖር ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ የአዲሱን ሞዴል ፎቶ እያየሁ «ትንሽ ልጠብቅ» ማለት ነው።

መኪናዬ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ያውም ቅንጡ ከሚባሉት ወገን። ስሙን አልጠራም። ብጠራው ጉራ ይመስልብኛል፤ ደግሞም ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ የእኛ ቤት ጥፋት እንጂ የመኪናው አይደለም። እንደ እኔ ያለ ሞባይል ጠጋኝ እንዲህ ያለ መኪና ከየት አመጣ የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ዓመት ከአየር ማረፊያ ታክሲ ነድቻለሁ። የሞተር ጩኸት፣ የዘይት ሽታ፣ የካንዴላ ወሬ እስከ አፍንጫዬ ደርሶብኝ ነበር። ታክሲውን ትቼ ሊንውድ ላይ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ስከፍት ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ፤ ሱቁ ከቆመልኝ ሞተር ያለው ነገር ሁለተኛ አልነዳም አልኩ። ሱቁ ቆመ፤ እኔም ቃሌን ጠበቅሁ።

ሥራዬን ልብ በሉልኝ። በቀን ለስንት ሰው «ባትሪው ደክሟል፤ በዚህ ላይ ገንዘብ ከምታፈስ አዲስ ግዛ» እላለሁ። ስናገር ፊቴ ላይ አንዳች ሐዘን የለም። ሰውየው ስልኩ ውስጥ የሟች እናቱ ድምፅ እንዳለ ሲነግረኝ እንኳ «ዳታውን እናወጣልሃለን» ብዬ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ነው የማልፈው። የራሴ መኪና ባትሪ መድከም ሲጀምር ግን አንጀቴ አልቆርጥ አለ።

እንደተገዛ ሰሞን አንዴ ከሞላሁት ኤቨረት ከተማ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ደግሜ ደርሼ እመለሳለሁ፣ አሁንም ይተርፈዋል። ዓመታት ሄደው ብርዱ ሲገባ ግን ስክሪኑ ላይ ያለችው ቁጥር ገና ከግቢ ሳልወጣ ቁልቁል መውረድ አመጣች። ማሞቂያ ባትሪ ይበላል አሉኝ። ማሞቂያውን አጥፍቼ ጋቢ ለብሼ መንዳት ጀመርኩ። ሀይዌይ ላይ በጎኔ የሚያልፉ ሰዎች እንዲያ ባለ መኪና ውስጥ በነጭ ጋቢ የተጀቦነ ሰው ሲያዩ ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው ደግመው ያዩኛል። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳኝ። እውነቱን ለመናገር ባትሪው ይበቃኝ ነበር፤ ያልበቃኝ የገዛ ልቤ ነው።

በዚህ ላይ ሸምሱ አለ። ሸምሱ የታክሲ ዘመን ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ኤቨረት አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራል። የእኔን ዓይነት መኪና በሊዝ፣ በወር ኪራይ ማለት ነው፣ ይይዛል፣ አዲስ በወጣ ቁጥር ይቀይራል። ለዒድ ሲጠራን መኪናዬን ከእሱ መኪና ጎን ፓርክ ሳደርግ የእኔው የእሱን መኪና ከገጠር ሊጠይቅ የመጣ አጎት ይመስላል።

«አንተ ሰው፣ አሁንም በዚህ ነህ?» ይለኛል።

«አዲሱ ሊወጣ ነው ይባላል። ዌይት ላድርግ ብዬ ነው።»

«የወጣውስ?»

«የወጣውማ ሊያረጅ ነው።»

«ሶ፣ የሚወጣውም ሲወጣ ሊያረጅ ነዋ!»

«እሱን አይቼ ነው የምወስነው።»

ሸምሱ በዚህ ጊዜ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቤት ይገባል።

የመጀመሪያውን ዓመት ባትሪው የበረታ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ መጣ። ሁለተኛውን ዓመት ቀለሙን አልወደድኩትም። ሦስተኛው ላይ ልቆርጥ ስል መኪናዬ ራሱ ባደረበት ታደሰ። ይህ ጉደኛ መኪና እንደ ስልክ በኢንተርኔት አፕዴት ያደርጋል። ጠዋት ስገባ የሬዲዮው ቁልፍ ከቦታው ተነስቶ ማዶ ሰፍሯል፣ የማሞቂያው የት እንደገባ አይታወቅም፣ እሱን ስፈልግ ጣሪያው ተከፍቶ ዝናብ ይወርድብኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እኔ ግን «ይኸው፣ አዲስ ሆነ አይደል?» ብዬ ስድስት ወር ጨመርኩለት።

ባለቤቴ ምህረት ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታስታምም ውላ ቤት ስትገባ ሌላ በሽተኛ ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ ይጠብቃታል። በነሐሴ አንድ ሐሙስ ቦርሳዋን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ስማ፣ መኪና ሻጩ ዲለር ለአሮጌው የሰጠህ ዋጋ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?»

«እስከ ቅዳሜ።»

«ኦኬ። ቅዳሜ ሄደህ ትሬድ አድርገህ ና። ካልሆነ እዚህ ቤት ውስጥ መኪና የሚባል ወሬ ሁለተኛ አይነሳም። ፎቶ የለም፣ ቪዲዮ የለም፣ ከሸምሱ ጋር መንሾካሾክ የለም። ገባህ?»

ገባኝ። ምህረት ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት። ስለ እግር ኳስ አንድ ጊዜ እንዲህ ብላ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን ውጤት የምሰማው ከደንበኞቼ ነው። የሦስት ዓመት ሐሳቤ በአንድ ቅዳሜ ላይ ተንጠለጠለ። ወይ አዲሱ መኪና፣ ወይ ዕድሜ ልክ ዝምታ።

አሁን አማቴን ላስተዋውቃችሁ። እማማ ዘነበች ልጃቸውን ሊጠይቁ ከቡታጅራ ከመጡ አምስተኛ ወራቸው ነበር። በእሳቸው ወግ አማች አንቱ ይባላል። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም አንቱ ይሉኛል፤ ሲቆጡኝ እንኳ በአክብሮት ነው። «ምነው ልጄ፣ ደንቆሮ ነዎት እንዴ?» ተብዬ አውቃለሁ።

እንደመጡ ሰሞን የሽንኩርት ከረጢት ልጭን የመኪናውን የፊት ኮፈን ከፈትኩ። እማማ አጠገቤ ቆመው ነበር። የኤሌክትሪኩ መኪና ከፊቱ ሞተር የለውም፤ ኮፈኑ ስር ያለው ባዶ ሳጥን ነው፣ ዕቃ ይጫንበታል። እሳቸው አጎንብሰው ወደ ውስጥ አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አይደንግጡ» አሉኝ። «ሞተሩን ወስደውታል።»

ድሮም እንደሌለው፣ በባትሪ እንደሚሄድ፣ እንደ ሞባይል ቻርጅ እንደሚደረግ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ዓይናቸው ላይ ያየሁት ግን መታለሉን ላላወቀ ሰው የሚታዘንለትን ዓይነት ሐዘን ነው። በሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሴቶች ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው ቤታችን መጡ። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ተቀመጡ። ቆይታ አንደኛዋ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ዋናው ጤና ነው። እሱ በሌላ ይተካልህ» አለችኝ። ሞተሩ ተሰረቀ ሲባል ሰምተው ሊያጽናኑኝ የመጡ መሆናቸው የገባኝ ሁለተኛውን ብርቱካን ከላጥኩ በኋላ ነው።

ውሎ አድሮ እማማ ሳጥኑን ወደዱት። ዘይት አይሸትም፣ ድስት ቢቀመጥበት አይገለበጥም። ስሙንም «ጓዳው» አሉት። «ወጡን ጓዳው ውስጥ አድርጉት» ከተባለ የኩሽና ጉዳይ ሳይሆን የመኪና ነው። የሚሞቀውን ወንበርም ወደዱት። የመጀመሪያ ቀን «ወንበሩን አተኩሶታል» ብለው ሊወርዱ ነበር፤ በኋላ ግን ለወገባቸው ደግ ሆኖ አገኙትና በቆመ መኪና ውስጥ ገብተው መቀመጥ አመጡ። መኪናውን ትቼ በአውቶቡስ ሱቅ በሄድኩ ቀን ባትሪዬ ሲወርድ በስልኬ አያለሁ። ሰው ለአማቱ ከወንበር ይነሱ አይል ነገር፣ ስልኬን መልሼ ኪሴ እከታለሁ።

ዓርብ ከሰዓት ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ መኪናውን ማጠብ ጀመርኩ። ጓዳውንም ጠርጌ ዘጋሁት። እማማ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ያዩኛል።

«የት ሊሄዱ ነው ልጄ፣ እንዲህ የሚያጥቡት?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ትሬድ ኢን በአማርኛ ምን ይባላል? አሮጌውን ሰጥቶ፣ ልዩነቱን ከፍሎ፣ አዲሱን መውሰድ ብዬ እንዳልዘረዝር እጄ በሳሙና ተይዟል።

«ነገ ልመልሰው ነው» አልኩ።

«ለማን?»

«ለሰዎቹ ነዋ። ከእነሱ አይደል የወሰድኩት?»

እማማ ከወንበራቸው ተነሱ። «ከወሰዱት ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«አምስት ዓመት።»

«አምስት ዓመት!» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። የመኪናው ዕድሜ ገርሟቸው ነው ብዬ ጎማዬን መፈተግ ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ምህረት ሥራ ገብታለች። ታጥቤ፣ ደህና ሸሚዝ ለብሼ፣ ቁልፌን ከጠረጴዛው አንስቼ ስወጣ እማማና ልጃችን ሩት በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሩት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

«ደህና አድርገው ያመስግኗቸው» አሉኝ እማማ።

ነጋዴ ማመስገን ምን ይጎዳኛል ብዬ «እሺ» አልኩ።

ሩት፣ «ዳድ፣ ዩ ሹድ ፕሮባብሊ ቼክ ዘ…» ብላ አንድ ነገር እንዳይ ልትነግረኝ ጀመረች። አያቷ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ባይ ዳድ» ብላ ጨረሰችው።

ያን ቀን ሲያትል በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የምታየው ዓይነት ሙቀት ነበር። መኪና መሸጫው በሰው ተሞልቷል። ብራያን የሚባል ረጅም ራሰ በራ ሻጭ ተቀበለኝና መኪናዬን ፀሐይ ላይ አቁሜ መርማሪው እስኪደርስ እንድጠብቅ ነገረኝ። ጥበቃው ሁለት ሰዓት ፈጀ። እኔ ግን አልከፋኝም፤ ብራያን አዳራሹ ውስጥ ያለው አዲሱ ሞዴል ላይ አስቀምጦኛል። ወንበሩ ጀርባዬን አቀፈው። ስክሪኑ የእኛን ቤት ቴሌቪዥን ያክላል። መሪውን ያዝኩና ሸምሱ ግቢ ስገባ ታየኝ፤ ሸምሱ በመስኮት ሲያይ፣ መጋረጃውን ሲለቅ፣ ራሱን በሁለት እጁ ሲይዝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ቆረጠ።

«እፈርማለሁ» አልኩት ብራያንን።

ወረቀቱን አመጣ። እስክሪብቶውን ከእጁ ስቀበል አንድ መካኒክ ሮጦ ገባና ጆሮው ላይ ሹክ አለው። የብራያን ፈገግታ ጠፋ።

«ከመኪናህ ፊት ቢጫ ፈሳሽ እየፈሰሰ ነው» አለኝ።

የነዳጅ መኪና ሲያፈስ ዘይት ነው፣ ውሃ ነው ተብሎ ይገመታል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ምን ያፈሳል? መብራት ይፈሳል እንዴ?

ስንወጣ መኪናዬ በብርቱካንማ ኮኖች ተከቧል። አጠገቡ የነበሩት መኪኖች ሁሉ ተነስተዋል፤ እሱ ብቻውን እንደ ተላላፊ በሽተኛ መሐል ሜዳ ላይ ቀርቷል። አንዱ ፊቱን በፕላስቲክ ጋርዶ፣ እስከ ክርኑ የሚደርስ የጎማ ጓንት አጥልቆ ከሩቅ ያየዋል። ከመኪናው አፍንጫ ስር ወፍራም ቢጫ ነገር ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«የማቀዝቀዣው ውሃ አይደለም» አለ ባለ ጓንቱ። «እንዲህ አይወፍርም።»

«ከባትሪው ይሆን?» አለ ብራያን።

«ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

ከኋላችን አንዲት ሴትዮ ልጆቿን ሰብስባ ወደ አዳራሹ አስገባች። ሌላው እሳት አደጋ ይጠራ ወይስ አይጠራ ብሎ ይጠይቃል። እኔ በልቤ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ትንሽ ልጠብቅ ስል ቆይቼ የሚፈነዳበትን ቀን ጠብቄ መጣሁ እላለሁ።

በዚህ መሐል ትንሽ ነፋስ ወደ እኔ ነፈሰ። ኮሰረት ሸተተኝ። ቀጥሎ ኮረሪማ። እርድም አለበት። ያ ፈሳሽ ከየትኛው ድስት እንደወጣ፣ ማን እንዳነጠረው፣ በየትኛው ቀን ቤታችንን ሁሉ እንዳሸተተ አወቅሁ።

«ቆዩ፣ አደጋ የለውም» አልኩ። «ቅቤ ነው።»

ባለ ጓንቱ ዞር ብሎ አየኝ። «ምን?»

«ቅቤ።»

«መኪናው ውስጥ ቅቤ አለ?»

«አለ መሰለኝ።»

«ለምን?»

ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። ትልቁ ትሪያችን ጓዳው ውስጥ ተቀምጧል። ትሪው ላይ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ድፎ ዳቦ አለ። ከዳቦው ጎን አንድ ፌስታል ቆሎ፣ አንዲት ብልቃጥ ሚጥሚጣ፣ ከጥጉ ደግሞ ክዳኑ የተነሳ ትልቅ የቫኒላ አይስክሬም ዕቃ። እኛ ቤት አይስክሬም ካለቀ በኋላ ዕቃው የቅቤ ነው። ሙቀቱ ቅቤውን አቅልጦት፣ ቅቤው ሞልቶ ፈስሶ፣ እኔ በአምስት ዓመት ያላየሁትን ቀዳዳ አግኝቶ ወርዷል።

«አህ፣ አይስክሬም ነው» አለ አንዱ እፎይ ብሎ።

«አይደለም» አልኩ።

ባለ ጓንቱ አሁንም አላመነም። ፊቱ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ገለጥ አድርጎ ብልቃጧን ከፈተና ቀዩን ዱቄት ጠጋ ብሎ አሸተተ። እኔ «እባክህ!» ከማለቴ በፊት ነው የሆነው። ሲያነጥስ፣ ሲያነጥስ፣ በጓንቱ ዓይኑን ሊጠርግ ሲል ሁለት ሰዎች እጁን ያዙት። ስንት ጊዜ እንዳነጠሰ አልቆጠርኩም፤ በመጨረሻ ወንበር አመጡለት።

ብራያን በዚህ መካከል ዳቦው ላይ የተሰካ ፖስታ አየ። ከፈተው። ጽሑፉ የሩት ነው፤ በእንግሊዝኛ። እሱም ጮክ ብሎ አነበበው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«ለመኪናው ባለቤቶች። አያቴ እንዲህ ብላለች፤ መኪናችሁን አምስት ዓመት ሙሉ ስላዋሳችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን። እንዲህ ያለ ሰው በእኛም አገር አላየሁም። ወንበሩ ወገቤን አሽሎልኛል። ልጄን ስንት ቀን ሥራ አድርሶ በደህና መልሶልኛል። አማቼ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሳይመልሱ የቆዩት ረስተው ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። ስለ ሞተሩ፣ እኛ አልወሰድንም፤ ስንቀበለውም አልነበረውም። የሰው ዕቃ ባዶውን ስለማይመለስ ትንሽ ነገር አድርጌበታለሁ። ትሪው የልጄ ነው፤ እሱን መልሱልን።» ከታች ሩት በራሷ ቃል «አይ ትራይድ ቱ ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ኸር። ሶሪ» ብላለች፤ ላስረዳት ሞክሬ ነበር፣ ይቅርታ ማለቷ ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። እኛ አገር ጎረቤት በሳህን አንድ ነገር ከላከ ሳህኑ ባዶውን አይመለስለትም። ቤት ውስጥ ምንም ባይኖር ሎሚ ጣል ይደረግበታል። እማማ ዘነበች «ልመልሰው ነው» ስል ሰሙ፤ እንግዲያው መኪናው አምስት ዓመት ቤታችን የከረመ የሰው ሳህን ነው። አፍረውልኝ፣ ጠዋት እኔ ስታጠብ ቁልፌን በሩት አስነስተው፣ ያላቸውን ሁሉ ጭነውበታል። ቅቤው ከቡታጅራ ሻንጣቸው ውስጥ ጠቅልለው ያመጡት፣ እዚህ ያነጠሩት፣ ለልጃቸው በማንኪያ እየለኩ የሚሰጡት የመጨረሻው ቅቤ ነበር።

እኔም አፈርኩ። በሰው ፊት በቅቤ መገኘቴ አይደለም ያሳፈረኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ መኪና ምን እንደጎደለው ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ምን እንዳደረገልኝ አስቤ አላውቅም። እሳቸው ሞተር የሌለው ነው ብለው እንኳ አመሰገኑት።

ብራያን ደብዳቤውን አጥፎ አየኝ። «ስለዚህ መኪናውን ያዋስንህ እኛ ነን?»

ስለ ሳህኑ ወግ ነገርኩት። እየተንተባተብኩ ነው የነገርኩት፤ ገባው መሰለኝ፣ አልሳቀም። ባለ ጓንቱ ግን መርማሪ ነውና፣ ዓይኑ እንደቀላ ሥራውን ሠራ። ቅቤው እታች ድረስ ገብቷል፣ ከአየር መሳቢያው ስር ተኝቷል፣ የተሰጠኝ ዋጋ ለዚህ መኪና አይሠራም አለ።

«ሽታው ሲለቅ አምጣው» አለኝ። «ያን ጊዜ እናያለን።»

አሮጌውን ሳልሰጥ አዲሱን መውሰድ አቅሜ አይደለም። ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። ዳቦውን ግን እዚያው ቆረስኩላቸው፤ መካኒኮቹ ቆሎውን በእፍኝ በእፍኝ ዘገኑ። ሴትዮዋም ልጆቿን ይዛ ተመልሳ መጣች። ትሪዬን ላነሳ ስል ብራያን እጄን ያዘ።

«ባዶውን አይመለስም አላልክም?» አለኝና ትሪውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። በየጠረጴዛው ሲዞር በመስተዋቱ አየዋለሁ። ሲወጣ ትሪው ላይ አራት እስክሪብቶ፣ ሁለት የቁልፍ መያዣ፣ አንድ ኮፍያ፣ አንድ ከረጢት ፈንዲሻ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የእጅ መዳፍ የምታክል የአዲሱ ሞዴል መጫወቻ ተቀምጧል። በሩም ይከፈታል።

አዲሱን ሞዴል ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ በትሪ።

እማማ አሮጌው መኪና ግቢ ሲገባ አይተው ደጅ ድረስ ወጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«አልተቀበሉዎትም?»

«አልተቀበሉኝም።»

«ተቆጥተው ነው?»

«አልተቆጡም። ዳቦውን በልተው አመሰገኑ።» እውነቱን ከመነሻው ላስረዳቸው አሰብኩና ተውኩት። «ትንሽ ጊዜ ያዙት ብለው ተዉልን።»

ትሪውን ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ አዩት። እስክሪብቶውን መዳፋቸው ላይ ሞከሩት፣ ኮፍያውን ገልብጠው አዩት፣ የመጫወቻዋን መኪና በር ከፍተው ዘጉ፤ ኮፈኗንም ሊከፍቱ ሞክረው አልከፈትም አላቸው። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ባዶውን አልመለሱትም» አሉ። «እንዲህ ያሉ ሰዎች! ታዲያ መኪናቸውን ለመመለስ ምን አጣደፈዎት ልጄ?»

ምህረት ማታ መጥታ አሮጌውን ግቢ ውስጥ፣ ትንሿን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አየች። ምን ሆነህ ነው ብላ አልጠየቀችም። «እንግዲህ ቃል ቃል ነው» አለች፤ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት መኪና የሚባል ወሬ ተነስቶ አያውቅም። ታሪኩን ከእናቷ ሰማች፤ እናቷ የነገሯት ግን ስለ ደጋጎቹ ባለ መኪኖች ነው።

እማማ በመስከረም ወደ ቡታጅራ ተመለሱ። አየር ማረፊያ ያደረስኳቸው በዚያው መኪና ነው፤ ወንበሩን እስከ መጨረሻው አሙቄላቸው። ብርዱ ሲገባ ማሞቂያውን ከፈትኩ፤ ጋቢውን ትቼዋለሁ። ከማሞቂያው የሚወጣው አየር ሞቅ ማለት ሲጀምር የኮሰረቱ ሽታ መጣ። አሳጠብኩት፣ ሎሚ አደረግሁበት፣ ቡና አስቀመጥኩበት፤ ማሞቂያው በተከፈተ ቁጥር መኪናው እማማ ዘነበችን ይሸታል።

ሸምሱ አሁንም ይጠይቀኛል። እሱ በዚህ መካከል ሌላ ቀይሯል።

«መቼ ነው ትሬድ የምታደርገው?»

«ሽታው ሲለቅ» እለዋለሁ።

በቀደም፣ በሐምሌ ጠራራ ፀሐይ፣ ከሱቅ ስመለስ ምህረት ግቢ ውስጥ በቆመው መኪና ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ላቧ በፊቷ ይወርዳል። በሩን ስከፍት ሙቀቱና የእናቷ ቅቤ ሽታ ገፈተሩኝ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍታዋለች። አየችኝ፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ምንም አላለችም። መኪና የሚባል ወሬ አይነሳም ተብሏልና እኔም ምንም አላልኩ። በወዲያኛው በር ገብቼ ጎኗ ተቀመጥኩና በሩን ዘጋሁት። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቁጥር ቁልቁል ትወርዳለች። ትውረድ።